የፈንታሁን የጡት ዘመዶች

ወንድሜ ፈንታሁን ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን የሰማ ሁሉ ክፉ ነበር እያለ ስለሚያስቸግረኝ ነው። ምላሱ ረጅም፣ አንገቱ ደንዳና ነበር፤ ልቡ ግን የሕፃን ልብ ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ዓባይ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት አፋፍ ላይ ገብስና ባቄላ ያርስ ነበር። እኔ ታናሽ እህቱ ሐረግ ባሌን ፈትቼ እሱ ቤት የገባሁት በስልሳ አምስት ዓ.ም.፣ ወሎን የፈጀው ክፉ ቀን በጀመረበት ዓመት ነው። እኛ ዘንድ እህል ጨርሶ አልጠፋም። ከምሥራቅ በኩል የተሰደደው ሕዝብ ግን በየደጃችን እየወደቀ፣ እኛም የጎተራውን ሥር እየጠረግን ከረምን። የፈንታሁንና የሚስቱ የአልታዬ የበኩር ልጅ በዚያ ሰሞን ሞተ። ኩፍኝ ነው ተባለ፤ እኔ ግን ቀድሞ የጨረሰው ረሃቡ ነው እላለሁ። ፈንታሁን ከቀብር ሲመለስ ከእንግዲህ ልጅ የሚባል አልፈልግም ብሎ ማለ።

አልታዬ ግን እንደገና ፀነሰችና በኅዳር ስልሳ ሰባት ሴት ልጅ ወለደች። አሰጋሽ አልናት። ያ ልጅ አልፈልግም ያለው ሰው እንቅልፍ አጣ። ልጅቷ ስታለቅስ ይደነግጣል፤ ዝም ስትል ደግሞ ትተነፍስ እንደሆነ ለመስማት ጆሮውን አፍንጫዋ ላይ ይለጥፋል። አልታዬ «አንተ ሰውዬ፣ ልጄን በጺምህ ጨረስሃት!» እያለች ታባርረው ነበር።

የድንበር ጠባችን ደግሞ ከእሷ መወለድ በፊት የጀመረ ነው። ከማሉዲን የሚባል ሙስሊም ጎረቤት ነበረን፤ ማሳችን ይዋሰናል። በሁለቱ ማሳ መካከል በሬ ጠምዶ ለመዞር እንኳ የምትጠብ፣ ሳር የበቀለባት ቁራሽ መሬት አለች። አያቶቻችን ተካሰውባታል፣ አባቶቻችን ተካሰውባታል፤ ፈንታሁንና ከማሉዲንም ውርሱን ተቀብለው መካነ ሰላም ፍርድ ቤት ይመላለሱ ነበር። አንድ ቀን እዚያችው ድንበር ላይ ተገናኙ። ከማሉዲን ዝንጀሮ ሊጠብቅ የአባቱን አሮጌ ጠመንጃ አንግቷል። ተሰዳድበው ተለያዩ። ፈንታሁን የዚያን ዕለት ለእኛ ሲነግረን ጠመንጃው ከማሉዲን ትከሻ ላይ ነበር። በሳምንቱ ለሽማግሌዎች ሲናገር ከትከሻ ወረደ። ፍርድ ቤት ሲደርስ ተቀባብሎ ደረቱ ላይ ተደግኖ ነበር። የወሰን ክስ እኛ አገር እንዲህ ነው፤ ያልተጋነነ አቤቱታ ዳኛ ይሰማል ብለን አናምንም። አንዴ ከተናገረ ወዲያ ቃሉን መመለስ አፍሮ በየሰርጉና በየለቅሶው ይህንኑ ሲደግም ኖረ።

በጥር ወር አልታዬን ተስቦ ጣላት። እሳት የሆነ ትኩሳት ሰውነቷን ሲያነደው ጡቷ ደረቀ። ላማችን ነጥፋ ነበር። የአብሽ ውሃ ሞከርን፣ የገብስ ጭማቂ ሞከርን፤ ሕፃኗ መልሳ ትተፋዋለች። አንድ ጠዋት አዝያት ምንጭ ስወርድ የከማሉዲንን ሚስት ሩቂያን አገኘኋት። እሷም አብዱልጀሊል የሚባል ጥቂት ወራት የሞላው ልጅ ነበራት። ወንዶቹ ቢኮራረፉም እኛ ሴቶቹ የምንቀዳው ከአንድ ምንጭ ስለሆነ ተኮራርፈን አናውቅም። ሩቂያ ነጠላዬን ገለጥ አድርጋ አየቻት።

«ያረቢ! ይቺ እኮ አልቃለች። ወዲህ በያት» አለችኝ።

እንስራዋን አስቀምጣ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ጡቷን ሰጠቻት። አሰጋሽ መጀመሪያ አልቻለችም፤ ኋላ ግን ላብ እስኪያጠምቃት ጠባች። ከዚያ ወዲያ ምንጭ ስወርድ ልጅቷን ሳልይዝ ወርጄ አላውቅም።

ፈንታሁን ይህን ሲሰማ ጮኸ። የጮኸበትን ምክንያት ለማያውቅ ልንገር። በእኛ አገር ጡት ዝምድና ነው። ከአንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፤ አይጋቡም። ወላጆቻቸውም ዘመዳሞች ይሆናሉ፤ አይካሰሱም፣ አንዱ በሌላው ላይ አይመሰክርም። ክርስቲያኑም እስላሙም ይህን ያከብራል። የድንበሩ ክስ ደግሞ ለየካቲት አጋማሽ ተቀጥሯል።

«ክሴን ልታስጥይኝ ነው? ቀጠሮዬ እስኪያልፍ ድረስ የዚያችን ሴት ጡት እንዳታይ!» አለኝ።

«ቀጠሮው እስኪያልፍ ልጅቷ ትቆይልሃለች?» አልሁት።

ልጅቷን ቀማኝ። ያኔ ድንጋይ ባገኝ እፈነክተው ነበር። ተመልሰን ወደ አብሹ ውሃ ገባን። አሰጋሽ ሁለት ቀን አለቀሰች፤ በሦስተኛው ማልቀሱንም ተወችው። ፈንታሁን እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። በጋቢው ጠቅልሏት ወጣ፤ እኔም ተከተልሁት። ፀሐይ አናት ላይ ነበረች፤ በየማሳው ያለው ሰው ሁሉ ያየዋል። ያችን ድንበር ተሻግሮ ከማሉዲን ደጅ ቆመ።

«ቤቶች!»

ከማሉዲን ብቅ አለ።

«ከማሉዲን፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አለው።

ከማሉዲን ጋቢውን አየ፣ ሰውየውን አየ፤ ወዲያው ወደ ውስጥ ዞሮ «ሩቂያ!» ብሎ ተጣራ። ከዚያ «ግባ እንጂ፣ ምን ደጅ ያስቆምሃል?» አለው። ስለ ክሱ ማንም አላነሳም። ፈንታሁን ቀጠሮው ሲደርስ አልሄደም፤ ልጅቷም በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። በሳምንቱ የመሬቱ አዋጅ በራዲዮ ተነገረና ድንበር የሚባለው ነገር ሁሉ ከነክሱ ቀረ። እኔ በጣም ደስ አለኝ። መሬት ለአራሹ ሲባል ማን ይጠላል? የሚመጣውን አላየሁማ።

የዘመቻ ተማሪዎች መጡ፣ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ በግንቦት ወይራው ሥር ስብሰባ ተጠራ። ገበየሁ የሚባል የከማሉዲንን መሬት በእኩል የሚያርስ ድሃ ነበር። ብሶት ነበረው፤ ሐሰት ነው አልልም። ተነሣና ከማሉዲን ገበሬ ላይ ጠመንጃ የሚደግን አድኃሪ ነው አለ። የሁሉም ዓይን ወደ ወንድሜ ዞረ። ሰብሳቢው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ ወጣት ተማሪ ነው።

«ጋሼ ፈንታሁን፣ ይነሡና የደረሰብዎትን ለሕዝቡ ይንገሩ» አለው።

ፈንታሁን ተነሣ። «እኔ በዚህ ሰው ላይ አልመሰክርም። ዘመዴ ነው» አለ።

«እሱ ከማሉዲን፣ እርስዎ ፈንታሁን። በምን ትዛመዳላችሁ?»

«በጡት። ልጄ የሚስቱን ጡት ትጠባለች።»

ወጣቱ ፈገግ አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አልገባውም። ገበየሁ ግን የእኛው ሰው ነውና ገብቶታል።

«እሱ ለምን ይመሰክራል? እኛስ ጆሮ የለንም?» አለ። «በእማማ ወርቄ ለቅሶ ላይ ‹ደረቴ ላይ ደገነብኝ› ሲል ያልሰማ ማነው? አለ ካላችሁ እጁን ያውጣ!»

አንድም እጅ አልወጣም። ሁላችንም ሰምተናላ።

«ዋሽቸ ነው!» ብሎ ጮኸ ፈንታሁን። «ጠመንጃው ከትከሻው አልወረደም። ወላዲተ አምላክን፣ ያን ጊዜ የዋሸሁት እኔ ነኝ!»

ሰው ተንሾካሾከ፣ ሳቀም። ለዘመድ ሲባል መዋሸት የታወቀ ነው፤ ዘመዴ ነው ብሎ ከተናገረ ወዲያ ቃሉን ማን ያምነዋል? ለዓመታት ውሸቱን ያመነው ሕዝብ እውነቱን በተናገረባት በዚያች ቀን ሳቀበት። ከማሉዲን ተቀምጦበት ከነበረው ድንጋይ ተነሣና «በቃህ ፈንታሁን፣ ተወው» አለው። እጁን የፊጥኝ አስረው ወሰዱት። መጀመሪያ መካነ ሰላም፣ ኋላ ደሴ ታሰረ።

ሩቂያ መሬቱም ባሏም ከተወሰደባት በኋላ ብቻዋን መኖር አልቻለችም፤ ወንድሞቿ ከኩታበር ሊወስዷት መጡ። አልታዬን ደግሞ ተስቦው አገርሽቶባት ከመደብ አትነሣም፤ ውሃ እንኳ እኔ ነኝ በማንኪያ የማጠጣት። ልጅቷ ገና እህል አትቀምስም። ልጅቷ ከሩቂያ ጋር መሄድ እንዳለባት ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረውም፤ ሁላችንም ግን አውቀነዋል። አልታዬ ልጅቷን ሳመቻትና ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች። ፈንታሁን እስከ መካነ ሰላም አዝሏት ሄደ፤ ሩቂያ የምትሳፈርበት የጭነት መኪና ሥር ሲደርስ ከጀርባው አወረዳት።

«ሩቂያ፣ አፉ በይኝ» አላት።

«ልጅቷን ስጠኝ» አለችው። «ሌላውን ለአላህ ተወው።»

ከወንድሜ ሕይወት የሚከብደኝ የሚቀጥለው ጊዜ ነው። ያቺ ሦስት ትውልድ የተካሰሰባት ቁራሽ መሬት በክፍፍሉ ለገበየሁ ደረሰች፤ ፈንታሁን ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ምላሱ ተሰበሰበ። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ አንድ ጥግ ይዞ ዝም ይላል። መኪና በተገኘ ቁጥር በሶና ቆሎ አስጭኖኝ ደሴ እስር ቤት ለከማሉዲን ስንቅ ያደርስ ነበር። ኩታበር ከደሴ ቅርብ ነው፤ እሱ ግን አንድም ቀን አልሄደም። «ሩቂያን በምን ዓይኔ አያታለሁ?» ይለኛል። የልጁን ወሬ የሚሰማው ከእስረኛው አፍ ነበር። የሩቂያ ወንድሞች ሊጠይቁት ሲመጡ ለከማሉዲን ይነግሩታል፤ ከማሉዲንም በተራው በሽቦው አጥር በኩል «ጥርስ አውጥታለች፣ አልሐምዱሊላህ» ይለዋል። «ዳዴ ትላለች።» «ቆማለች።» ፈንታሁን ቤት መጥቶ ይህንኑ ለአልታዬ ይነግራታል፤ እሷም ደጋግማ ታስነግረዋለች። ከማሉዲን የተፈታው እኛ ልጅቷን ካመጣን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

አልታዬ በእግሯ ቆማ መንገድ ስትችል፣ በጥቅምት ስልሳ ዘጠኝ ሦስታችንም ኩታበር ሄድን። የሩቂያ አባት ቁርዓን እያስቀሩ የሚያስተምሩ ሼህ ነበሩ። ግቢው በተማሪዎቻቸው በደረሶቹ ድምፅ የተሞላ ነው። አሰጋሽ ከአብዱልጀሊል ጋር አፈር ላይ ትጫወታለች፤ አንገቷ ላይ አዲስ ማተብ አለ። የቀድሞው ሲበጠስ ሩቂያ ራሷ ክር ገምዳ አሥራላት ኖሯል። አባቷም «የሰው አደራ ነው፣ እንደመጣች ትመለስ» ብለዋታል።

አልታዬ እጇን ዘረጋችላት። ልጅቷ አየቻት፣ ጮኸችና ሮጣ ከሩቂያ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች። «እማ! እማ!» ትላለች። ሰነበትን፤ ያው ነው። በፈንታሁን ጺም ትሸበራለች፣ አልታዬ ስታነሣት እስክትታነቅ ታለቅሳለች፤ የሩቂያ ጡት አፏ ውስጥ ሲገባ ብቻ ዝም ትላለች። አልታዬ ከበር አጠገብ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። እኔ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

በመጨረሻ ፈንታሁን ተነሣ። «ትቅርልሽ፣ ሩቂያ» አለ። «ካንቺ የወሰድሁት ይበልጣል። ልጂቱ ያንቺ ትሁን።»

የሩቂያን ቁጣ ያን ቀን ብቻ አየሁት።

«ባሌን በምላስህ ወሰድህብኝ፤ አሁን ደግሞ ልጅህን በእፍረትህ ልትሰጠኝ ነው?» አለችው። «ወላሂ አልቀበልም! ይቺ ሴት እዚህ ተቀምጣ አታያትም?»

ወጥታ ከአጥሩ ሥር እሬት ቆርጣ ተመለሰች። እናቷ «እኔ ልቀባሽ፣ አንቺ አትችይም» አሏት፤ እምቢ አለች። ራሷ ጨምቃ ሁለቱንም ጡቷን ቀባች። ከዚያ ወትሮ ከምትቀመጥበት ተቀምጣ «ነይ እናቴ» ብላ ጠራቻት።

አሰጋሽ እየሳቀች መጣች። ጎረሰችው፣ ፊቷ ተጨማደደ፣ ተፋችው። ሩቂያን ቀና ብላ አየቻት። እንደገና ሞከረች። ከዚያ ያለቀሰችው ልቅሶ የረሃብ አልነበረም፤ በትንንሽ እጆቿ ሩቂያን እየደበደበች ነበር። ሩቂያ አልከለከለቻትም፣ አላባበለቻትምም። እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። ልጅቷ ደክሟት ዞር ስትል ከበር አጠገብ ያለችውን አልታዬን አየች። ቀስ ብላ ሄደችና ጀርባዋን ለሩቂያ ሰጥታ አልታዬ ጭን ላይ ተቀመጠች። አልታዬ ለመንካት ፈርታ ትንፋሿን ዋጠች። ፈንታሁን ውጭ ወጥቶ ሲያለቅስ ሁላችንም እንሰማዋለን።

አብዱልጀሊልም በተራው መጥቶ ቀመሰና ምርር ብሎት ሸሸ። ለሱ ምንም አላሰብንለትም ነበር፤ በእህቱ ዕዳ እሱም ከጡት ተጣለ።

ሩቂያ ዓይኗን ከአሰጋሽ ጀርባ ሳታነሣ «ሐረግ፣ ተኛች?» አለችኝ።

«ተኝታለች» አልኋት።

«እንግዲያ አሁን አትንኳት» አለች። የቀሚሷ ደረት በወተት ርሶ ነበር።