አሥራ ሁለት ጎን ያለው ገንዳ

«የዱላውን ንገሪን እንጂ የገንዳውን ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ ጋሼ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ።

ጋሼ የምላቸው ዘመዴ ሆነው አይደለም። ስድሳ አልፏቸዋል፤ ለንደን የገቡትም እኔ ሳልወለድ ነው። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የታሰርን ሰዎች ቃላችንን እንድንጽፍላቸው ጠይቀውናል፤ በትንሽ መጽሐፍ አሳትመው ለእንግሊዝ ፓርላማ አባላት ሊሰጡት ነው። እኔም በእጄ ስድስት ገጽ ጽፌ ሰጥቻቸው ነበር። ዛሬ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ያለችው የሐበሻ ምግብ ቤት የቀጠሩኝ ታይፕ የተደረገውን አይቼ እንድፈርም ነው። ስድስቱ ገጽ ሁለት ሆኗል።

«እስኪ መጀመሪያ ላንብበው» አልኳቸው።

እዚህ ላይ ግን ያ ገንዳ ምን እንደሆነ መናገር አለብኝ።

የያዙኝ ከሰፈር ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ድንጋይ ወርውረሻል አሉኝ። አልወረወርኩም፤ ብወረውር ኖሮ ደግሞ አልክድም ነበር። ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ ከብዙ ልጆች ጋር በጭነት መኪና ጭነው ጣቢያ አወረዱን። ወንዶቹን ወዲያ፣ እኔን ወዲህ።

ክፍሉን ከማየቴ በፊት አሸተትኩት። በሩ ሲከፈት የሽንት፣ የበረኪናና የብዙ ሰው ትንፋሽ ፊቴን መታኝ። አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ነበሩ፤ በእኔ ሃያ ሞላ። አንድ መስኮት አለ፣ ከቁመቴ በላይ። ጥግ ላይ አንድ ባልዲ። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል፤ የተቀመጠ ሰው ጀርባ የሚያርፍበት ላይ ግን ቀለሙ ተፍቆ ሲሚንቶው ወጥቷል። ቧንቧው ግቢው ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሁለት ጀሪካን ውሃ ይገባልናል። ለመጠጥም ለመታጠብም ያው ነው።

ጠጋ ብላ ቦታ የለቀቀችልኝ አርባ አምስት የሚሆናት ቀጭን ሴት ናት። የመነጽሯ አንዱ እጀታ በክር ታስሯል። «እርስዎ ይመችዎት፣ እኔ እቆማለሁ» አልኳት።

«አንቺ በይኝ» አለች። «አንድ ባልዲ እየተጋራን ምን እርስዎ አለው?»

የማዕድን መሐንዲስ ነበረች። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ቼኮዝሎቫኪያ ልከዋት፣ ኩትና ሆራ በምትባል ትንሽ ከተማ ለልምምድ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች። ድሮ ድሮ ብር ይወጣባት የነበረች ከተማ ናት። ሴቶቹ «ኢንጂነሯ» ይሏታል። ከሰዓት በኋላ፣ ክፍሉ ሲግልና ሰው እርስ በርሱ መነታረክ ሲጀምር፣ አንዷ «በይ ውሰጂን» ትላለች። ኢንጂነሯ መነጽሯን ታወልቅና ትወስደናለች። በቀን አንድ መንገድ ብቻ። «ከተማው ትንሽ ነው፣ እንዳያልቅብን» ትል ነበር።

አንድ ቀን የጣልያኖች ግቢ ወሰደችን። የንጉሡ ሳንቲም የሚመታው እዚያ ነው፤ ሥራውን ያሳዩት ከጣልያን የመጡ ሰዎች ስለሆኑ ስሙ በነሱ ቀረ። ብር ሲቀጠቅጡ የሚውሉት ሰዎች በመዶሻው ብዛት ጆሯቸው ይደነቁር ነበር። «ምናለሽ ተራ በይኛ» አለች አንዲት የመርካቶ ነጋዴ። «ባሌ እዚያ ሠርቶ ነው፣ ስጠራው አይሰማኝም። ወይም የማይሰማኝ ሲፈልግ ነው።»

ሌላ ቀን የበርባራን ቤተ ክርስቲያን አየን። ጣሪያው ሦስት ድንኳን በተርታ የተተከለ ይመስላል፤ ውስጡ ግድግዳ ላይ ቅዱሳን ብቻ ሳይሆኑ የማዕድን ሠራተኞቹም ተሥለዋል አለችን። ተኝተው የነበሩ አንዲት እናት ቀና አሉ።

«በርባራ? ታኅሣሥ ስምንት የምትውለው? አባቷ ግንብ ውስጥ የቆለፈባት?»

«እሷው ናት እማማ።»

«እዚያ ድረስ ምን ወሰዳት?»

«ከመሬት በታች የሚሠሩ ሰዎች ጠባቂያችን ናት ይላሉ።»

«የተቆለፈበትንም ትጠብቃለች» አሉ እማማ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ አይተኙም።

ሠራተኞቹ ኮፍያ ያለው ነጭ ካባ ለብሰው ነበር ጉድጓድ የሚወርዱት፤ ጨለማ ውስጥ የወደቀ ሰው እንዲታይ። መቀመጫቸው ላይ ቆዳ አስረው እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ። ዋሻው ከከተማው ስር ተጠላልፏል፤ አንዳንዱ ጋ ሰው የሚያልፈው በጎኑ ብቻ ነው። ኢንጂነሯ ተነስታ ትንፋሿን ስባ እንዴት እንዳለፈች አሳየችን። እኛም ተነስተን ግድግዳውን ታክከን፣ ሆዳችንን ወደ ውስጥ ስበን፣ አንድ በአንድ አለፍን። ነጋዴዋ «እኔ እዚሁ እቀራለሁ፣ ሆዴ አያሳልፈኝም» ስትል በሳቅ ሞትን። ጠባቂዋ በሩን በዱላ ደበደበች።

ሁሉም የሚወደው ግን ገንዳውን ነበር። ቁፋሮው የጉድጓድ ውሃቸውን አበላሸው። ከተማው ሀብታም ነው፣ የሚጠጣ የለውም። ስለዚህ ከሩቅ በእንጨት ቧንቧ ውሃ ስበው ከተማው መሃል አንድ የድንጋይ ገንዳ ሠሩ። አሥራ ሁለት ጎን አለው። እያንዳንዱ ጎን እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት ተጠርቦ ተጊጧል።

«ለውሃ መቅጃ እንደዚያ ይለፋል?» አልኳት።

«ስላልነበራቸው ነዋ» አለችኝ። ሁላችንም ጀሪካኖቹን አየን።

አንድ ቦታ ብቻ አንሄድም ይሏታል። ከከተማው ዳር በሰው አጥንት ያጌጠ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በወረርሽኝና በጦርነት ያለቀ ሰው አጥንት ተሰብስቦ፣ ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለው መብራት ሳይቀር ከሱ ተሠርቷል። «እሱን ዝለይው» ይላሉ። ከመካከላችን ልጇን ጥይት የገደለባት ሴት ነበረች። ኢንጂነሯም ትዘለዋለች።

በአምስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጠዋት ስሜ ተጠራ።

ቢሮው ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። መርማሪው የቆዳ ጃኬት ለብሷል። ጸሐፊው ሸምገል ያለ ፖሊስ ነው፤ በወረቀቶቹ መሃል ካርቦን ያስገባል። ጠረጴዛው ላይ የእናቴ ምሳ ዕቃ ተቀምጧል፣ አበባ ያለበት ሰማያዊው።

«እናትሽ በር ላይ ናት» አለኝ መርማሪው። «ዛሬ አብረሻት ልትሄጂ ትችያለሽ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ማንም አልፈለገሽም። መሐንዲሷ ምን እንደምታስተምራችሁ ተናገሪና ፈርሚ።»

«ምን ታስተምረናለች?»

«ከከተማ ስር ስላለ ዋሻ። ማን በየት እንደሚገባ፣ በየት እንደሚወጣ። በሰልፍ አስነስታ እያለማመደቻችሁ ነው።»

ከእኛው አንዷ ነግራዋለች። ማን እንደሆነች ዛሬም አላውቅም። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ጠፋ። በዚያን ሰሞን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው በአገር ክህደት ይከሰስ ነበር። እኔ የምፈርማት አንድ ወረቀት ኢንጂነሯን ዕድሜ ልኳን ልታስቀምጣት ትችላለች።

«እሺ፣ እናገራለሁ» አልኩት። «ግን የምለው ሁሉ ይጻፍልኝ።»

ኢንጂነሯ መንገዱን ከምትጀምርበት ከከተማው ባቡር ጣቢያ ጀመርኩ። መንገዱን፣ የጣልያኖችን ግቢ፣ በርባራን። ጸሐፊው አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል። መርማሪው ሁለት ጊዜ «ወደ ነገሩ ግቢ» አለኝ። «ነገሩ ይኸው ነው» አልኩት። ካባው ላይ ስንደርስ ጸሐፊው እስክሪብቶውን አነሳ።

«ከመሬት በታች ነጭ? አይቆሽሽም?»

«ይቆሽሻል። ግን ከወደቁ ይገኛሉ።»

«አሃ» አለና ጻፈው።

«አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» አለው መርማሪው።

ገንዳው ጋ ስደርስ «አሥራ ሁለት ጎን» ብዬ እስኪጽፈው ጠበቅኩት። አራት ገጽ ሞላ። መርማሪው ሰብስቦት ወደሚቀጥለው ቢሮ ወጣ። እኔና ጸሐፊው ቀረን፣ የእናቴ ምሳ ዕቃ መሃላችን። የሽሮው ሽታ ይመጣል።

«ውሃው ከሩቅ ነው ያልሽው?» አለኝ በሩን እያየ።

«አዎ።»

«የኛም አገር ሴቶች ከሩቅ ነው የሚቀዱት» አለና ካርቦኑን ማስተካከል ጀመረ።

መርማሪው ተመልሶ ወረቀቱን ፊቴ ዘረጋው። «ፈርሚ።»

ኢንጂነሯ በገባሁ ሳምንት የነገረችኝ ነገር አለ። ያላነበብሽው ወረቀት ላይ እጅሽ እንዳያርፍ። ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛው ገጽ የኔ ነው። ሁለተኛው የኔ ነው። ሦስተኛው የእጅ ጽሑፉ ተለውጧል። ገንዳው የለም። በሱ ቦታ «በዋሻ ተሰባስበን በመንግሥት ላይ እንድንነሳ ነግራናለች» ይላል።

«ይሄን አላልኩም።»

«ትንሽ ማስተካከያ ናት። ለአንቺው ብዬ ነው። እናትሽ ፀሐይ ላይ ቆማለች።»

እናቴ ፀሐይ እንደማትችል እኔም አውቃለሁ። ከሁሉም ያናደደኝ ግን ገንዳውን ማውጣቱ ነው። በሰጠኝ እስክሪብቶ መስመሩን ሰረዝኩት፣ አንዴ፣ ከዳር እስከ ዳር። ከበላዩ «ያልኩት ገንዳው አሥራ ሁለት ጎን አለው ነው» ብዬ ጻፍኩና አጠገቡ ፈረምኩ።

በጥፊ መታኝ። ግራ ጉንጬን። ከንፈሬ ተሰንጥቆ ደሙ የሸሚዜ ኮሌታ ላይ ወረደ። ሁለተኛ አልመታኝም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። «ውሰዳት» አለው ጸሐፊውን።

በሩ ጋ ስደርስ ዞርኩ። «ምሳ ዕቃው የኔ ነው።»

ጸሐፊው ተመልሶ አነሳውና በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ክፍል ስገባ ኢንጂነሯ የነጠላዋን ጫፍ ከጀሪካኑ ነክራ ከንፈሬን ጠረገችልኝ። ስለ ውሃው ማንም አላጉረመረመም። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

«ስንት ጎን አልሻቸው?»

«አሥራ ሁለት።»

«ልክ ነሽ» አለች።

ሽሮውን ለሃያ በላነው። ከሰዓት በኋላ፣ ልጇ የሞተባት ሴት «ዛሬ የአጥንቱን ውሰጂን» አለች። ማንም ዝለይው አላለም።

እኔ ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ኢንጂነሯን ከእኔ በፊት ወደ ትልቁ እስር ቤት ወሰዷት። በኔ ቃል ግን አልከሰሷትም። ዳግም አልተያየንም። ትምህርቴን አልጨረስኩም። አሁን ዋይት ሲቲ የገበያ ማዕከሉ ውስጥ ጽዳት እሠራለሁ፣ የከሰዓት ሺፍት። በእረፍቴ የገንዳውን ፎቶ በስልኬ ፈልጌ አይቼዋለሁ። ፎቶው የሚያሳየው ግማሹን ነው። ስድስት ቆጠርኩ።

ጋሼ የሰጡኝን ሁለት ገጽ አንብቤ ጨረስኩ። ጭነት መኪናው አለ። ባልዲው አለ። ካባው፣ በርባራ፣ ገንዳው የሉም። ጥፊውም የለም። በሱ ቦታ «ለሦስት ቀን በኤሌክትሪክ ሽቦ ተገርፌአለሁ» ይላል።

«ጋሼ፣ ይሄን አላልኩም።»

«አውቃለሁ የኔ ልጅ። ግን ስንቱ ተገርፏል፣ ውሸት ነው?»

«ውሸት አይደለም። የተገረፉትን ያውቋቸዋል፣ እነሱን ይጠይቁ። የኔ አንድ ጥፊ ነው።»

«አንድ ጥፊ ብለሽ እንግሊዝ ፊት ብትቆሚ ማን ይሰማሻል? ቢዚ ሰዎች ናቸው። የጻፍሽውን ሳየው እኮ የቱሪስት ጋይድ ነው የመሰልሽኝ። ትንሽ ነገር ነው የጨመርኩት፤ ለአንቺው ብዬ ነው። ነገ ለፓስፖርት አፕላይ ስታደርጊም ይጠቅምሻል።»

«ወረቀቴን አግኝቻለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ለሌላው ይጠቅማል። ፈርሚ በይ፣ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀኝ ነው።»

«እስክሪብቶ ይስጡኝ።»

ፈገግ ብለው ከደረት ኪሳቸው አወጡልኝ። መስመሩን ሰረዝኩት፣ አንዴ፣ ከዳር እስከ ዳር። ከበላዩ «አንድ ጥፊ፣ ግራ ጉንጭ» ብዬ ጻፍኩና አጠገቡ ፈረምኩ። ከዚያ በእጄ የጻፍኩትን ስድስት ገጽ ከፋይላቸው አውጥቼ እያንዳንዱ ላይ ፈረምኩና ከላይ አስቀመጥኩት።

«ካወጡት ከነገንዳው ነው» አልኳቸው። «ካልሆነ ይተዉት።»

«ምን ዓይነት ግትር ልጅ ነሽ?»

«ሺፍቴ ደርሷል ጋሼ።»

እስክሪብቷቸውን መለስኩላቸው፣ ጃኬቴን ለበስኩ፣ በሩን ገፍቼ ወጣሁ።