ላዝሃር ስሙ ሲጠራ

ላዝሃር የእንስሳት ሐኪም ነበር። በቱኒዚያ፣ በማክተር ከተማ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች የእሱ እጅ ያልነካትን በግ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ምክር ቤት የገባውም በበጎቹ ነው ብንል አልዋሸንም፤ በምርጫው ሰሞን ፓርቲውን ማንም አያውቀውም፣ ያቺን ጭቃ የለበሰች መኪናውን ግን የማያውቅ አልነበረም። «ዶክተር ላዝሃር፣ ለበጎቻችን የደረሱ ለእኛስ መቼ ያንሳሉ?» አሉት። አመናቸውና ቱኒስ ሄደ።

ምክር ቤቱ እንዳሰበው ሆኖ አልጠበቀውም። እንደራሴዎቹ ይሰዳደባሉ፣ ማይክራፎን ይነጣጠቃሉ፣ ተኮራርፈው ይወጣሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሞንጂ ከሚባል የአውቶቡስ ሹፌር አጠገብ ይቀመጥ ነበር፤ ሞንጂም እንደሱ ከዚያው አውራጃ ተመርጦ የመጣ ነው። አንድ ቀን ግን ላዝሃር እንደምንም ተነስቶ ሚኒስትሩን ስለ በግ ክትባት ጠየቃቸው። የተገዛው መድኃኒት ለምን ወደብ ላይ ቀረ? ሚኒስትሩ ወረቀታቸውን አገላበጡ፣ ግንባራቸውን ጠረጉ፣ «ተጣርቶ ይቀርባል» አሉ። በሳምንቱ ክትባቱ ማክተር ገባ። ላዝሃር ስለ መንግሥት አሠራር ከዚያ በላይ ፍልስፍና አልነበረውም። ትልቅ ሰው መጥቶ የሚጠየቅበት አዳራሽ ካለ፣ በግ ይድናል።

ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቱን አግደው ያንን አዳራሽ ያስዘጉ ዕለት ከተማችን በደስታ ሰከረች። የላዝሃር ወንድም በልቃሴም መኪናውን አስነስቶ ጥሩምባ እየነፋ አደባባዩን ሲዞር ዋለ። ሲደክመው ላዝሃር ቤት ገብቶ ተቀመጠ።

«ተገላገልን» አለው፤ «እናንተ ስትናከሱ የእኔ ወይራ ገዢ አጥቶ በሰበሰ። አሁን አንድ ሰው ይመራናል፣ ካጠፋም አንዱን እንጠይቃለን።»

«ማነው የሚጠይቀው?»

«እኛ ነና።»

«የት ሄደህ? ወይራህን ተሸክመህ ቤተ መንግሥት በር ላይ?»

«አይ ላዝሃር፣ ከቱኒስ ያመጣኸው ምላስ ብቻ ነው» ብሎ ሳቀበት። በልቃሴም ሞኝ አልነበረም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ያን ቀን ጥሩምባ ያልነፋነው ጥቂቶች ነን።

ወራት አለፉ። ሕግ የሚያወጣም፣ የሚያስፈጽምም፣ ዳኛ የሚሾምም የሚሽርም አንድ ፊርማ ሆነ። በዚህ መሀል ሞንጂ ደወለ። የታገዱት እንደራሴዎች በኢንተርኔት ሊሰበሰቡ ነው፣ የፕሬዚዳንቱ አዋጆች ይሻሩ ብለው ድምፅ ሊሰጡ።

«ስማችን በየተራ ይጠራል» አለው ሞንጂ። «'እደግፋለሁ' ትላለህ፣ አለቀ። አገር ሁሉ በቀጥታ ይሰማናል።»

«አገር ሁሉ?»

«አይ ዶክተር! ተደብቀህ ልትመርጥ አማረህ እንዴ?»

ላዝሃር ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ልጁ ኤምና የዳኝነት ትምህርቷን ጨርሳ ሹመቷን እየጠበቀች ነበር፤ ሹመቱ ደግሞ ያችኑ አንዲት ፊርማ ይጠብቃል። ሚስቱ ወሲላ ነገሩን ስትሰማ የምትፈተፍተውን ኩስኩስ ትታ መጣች።

«ያንተ ጊዜ አልፏል፣ የእሷን አትዝጋባት» አለችው። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ የለፋችበት ነው። አንተ አንዲት ቃል ትተነፍስና ልጄ ቤት ትቀመጥልኝ? ወላሂ ይቅር አልልህም።»

ኤምና ቱኒስ ነበረች። ደውሎ ሊጠይቃት ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ምን ብላ ትመልስለት? እሷም አለመደወሏን እንደ ልመና ቆጠረው። እንዳትጠይቀኝ ያለችው መሰለው እንጂ፣ እሱ ራሱ እንዳልጠየቃት ልብ አላለም።

ስብሰባው ከቀትር በኋላ ተጀመረ። ላዝሃር በክሊኒኩ ከመድኃኒት ጠርሙሶቹ መሀል ተቀምጦ በስልኩ ስብሰባው ውስጥ ገባ፤ ምስሉን አጠፋ፣ ድምፁንም አጠፋ። ስም ይጠራል፣ «እደግፋለሁ» ይባላል። ሞንጂ ተጠራ፤ መንገደኛ የሚጠራ ይመስል ጮክ ብሎ «እደግፋለሁ» አለ። ከዚያ የላዝሃር ስም ተጠራ። ጣቱን ድምፁን የሚከፍተው ቁልፍ ላይ አደረገ። ስሙ ደግሞ ተጠራ። ጣቱ እዚያው ነው፣ አልተጫነም። ሰብሳቢው «የሉም» ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። ላዝሃር እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ውሳኔው ያለ እሱም አለፈ። ፕሬዚዳንቱም ታግዶ የነበረውን ምክር ቤት ጭራሹን በተኑት። ድምፅ የሰጡት ለምርመራ ይጠሩ ጀመር፤ የላዝሃርን በር ያንኳኳ ግን አልነበረም። «አንተ ብልጥ ነህ» አለው በልቃሴም፣ ከልቡ ሊያመሰግነው። ከስድብም በላይ አንገበገበው።

ሹመቱ ወጣ፣ የኤምናም ስም ነበረበት። ቃለ መሐላ ስትፈጽም ወሲላ እልል አለች፣ ላዝሃር አለቀሰ። ጥቁሩ ካባ ሲያምርባት አይቶ ኀፍረቱ ዋጋ አገኘ ብሎ ራሱን አጽናና።

ኤምና የተመደበችው እዚያው የትውልድ አውራጃዋ ነበር። አንድ ዓርብ ለምሳ መጣች። ኩስኩሱን ነካ ነካ አድርጋ ተወችው፤ እናቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቃ ተናገረች።

«አባዬ፣ ሞንጂ የሚባል ሰው ታውቃለህ? አውቶቡስ ይነዳ የነበረ።»

«ምን ሆነ?»

«በዚያ ስብሰባ አገር ሊያፈርስ አሲሯል ብሎ አንድ ሰው ከሶታል። መዝገቡ እኔ ጋ ቀረበ።»

ላዝሃር ማንኪያውን አስቀመጠ። «አላይም በያ። ለሌላ ዳኛ ይስጡት።»

«በምን ምክንያት? ሰውየውን በአካል አላውቀውም። ዳኛ ከመዝገብ የሚነሳው ዘመዱ ሲኖርበት ነው። ድምፅ የሰጡት ሁሉ ስማቸው አለ፤ አንድ በአንድ አነበብኩት። ያንተን ፈለግኩ።»

«የኔን?»

«ስምህ ቢኖር ኖሮ ሕጉ ራሱ ያነሳኝ ነበር።»

ላዝሃር ያን ቀን ያልተናገረው ለእሷ ብሎ ነበር፣ እሱም ወሲላም የሚያውቁት ይህንኑ ነው። አሁን ሞንጂን በነጻ ብትለቀው ካባው ይወልቃል፣ ብትፈርድበት ደግሞ ፍርዱ ዕድሜዋን ሙሉ ከእሷ ጋር ይኖራል። ከሁለቱ ያስመለጣት መስሎት፣ መሀላቸው ያቆማት እሱ ነው።

«ያን ቀን በቀጥታ እየሰማሁ ነበር» አለች ኤምና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከጓደኞቼ ጋር። ስምህ ሲጠራ 'ይኼ አባቴ ነው፣ ስሙት' አልኳቸው።»

«ሹመትሽን እንዳላበላሽብሽ ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ላዝሃር ብድግ አለ። ወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀ፤ አላነሳውም።

«ነገ ቱኒስ እሄዳለሁ» አለ። «ሄጄ እኔም እደግፋለሁ እላለሁ። ስሜ ይግባ። አንቺም ተነሺ።»

ኤምና ቀና ብላ አየችው። ቁጣ አልነበረባትም።

«ለማን ነው የምትለው፣ አባዬ?»

ሰብሳቢው የሉም፣ ስም ጠሪ የለም፣ አዳራሹ ተቆልፎ በሩን ፖሊስ ይጠብቀዋል። ላዝሃር ቆሞ ብዙ አሰበ፣ የሚነግረው አንድም ሰው አላገኘም።