የጨው መስኮት

ጡረታ ወጥቼ አሜሪካ፣ ሬይኖልድስበርግ ከተማ ልጄ ዘንድ ስኖር፣ በአጥር የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ሕንዳዊት ሳይንቲስት ነበሩ፤ ሞለኪውሎች ብርሃንን እንዴት እንደሚውጡ በመለካት ዕድሜያቸውን የፈጁ ሴት። የልጄን ጓደኞች ሰምተው እሳቸውም «ጋሼ» ይሉኝ ነበር። የፊዚክስ አስተማሪዬ ሕንዳዊ እንደነበሩ ብነግራቸው፣ «ታዲያ እንዴት የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ቀሩ?» አሉኝ።

«ጠመኔ ይወረውሩብኝ ነበራ!»

ከት ብለው ሳቁ።

በ2020 ወረርሽኙ ቤተ ሙከራቸውን ሲያስዘጋ፣ ለዓመታት የደከሙበት የአንድ ሞለኪውል የመጨረሻ ልኬት ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ጡረታ ይወጣሉ፤ ክፍሉም ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሥጋታቸው እርጥበት ነበር። የሚለኩበትን ለዓይን የማይታይ ብርሃን ተራ መስታወት ስለማያሳልፈው፣ የመለኪያ መሣሪያው መስኮቶች ከጨው የተሠሩ ናቸው፤ እንዳይሟሙም ደረቅ አየር ሳያቋርጥ ይነፋባቸዋል። በአገራቸው ተማሪ ሳሉ አዲስ የሚገዛላቸው ስላልነበረ፣ ያረጁትን መስኮቶች በእጃቸው እየወለወሉ ነው ሙያውን የተማሩት። ትንፋሽ እንኳ እንዳይነካቸው ፊታቸውን ወደ ትከሻቸው አዙረው እንዴት ይተነፍሱ እንደነበር አሳዩኝ።

የመግቢያ ፈቃድ ጠይቀው ጠበቁ። እኔም በአገልግሎት ዘመኔ ያለ ፈቃድ አንድ በር ከፍቼ ስለማላውቅ፣ ትዕግሥታቸውን አከበርኩላቸው። ሐምሌ በወበቁ አለፈ። የሕንፃውን ሰዎች በስልክ «የአየሩን ነገር አደራ» ሲሉ፣ «እሺ» ይባላሉ።

ፈቃዱ የመጣው በነሐሴ ነው። በመኪናዬ አደረስኳቸው። የሕንፃው ኃላፊ በር ላይ ቆሞ ተቀበለን።

«ሁሉም ሰላም ነው፣ ዶክተር። ምንም እንዳይባክን አንድ ሳናስቀር አጥፍተናል» አላቸው፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው።

«አየሩንም?»

«አየሩንም!»

ብቻቸውን ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ተመልሰው መኪናው ውስጥ ተቀመጡና መዳፋቸውን ከፈቱ። ከአንድ ሳንቲም ብዙም የማይበልጥ፣ እንደ ጉም የነጣ ክብ ነገር ነበር።

«ከመስኮቶቹ ሁሉ የተሻለው ይህ ነው» አሉ። «የመሣሪያው ልብም ጨው ነው፤ እሱም ሄዷል።»

«ሌላ አይታዘዝም?»

«ለሚሰናበት ሰው ማን ያዝዛል፣ ጋሼ?»

ማመልከቻ በማርቀቅ በመሥሪያ ቤቴ የሚስተካከለኝ አልነበረም። «እኔ ልጻፍልዎት» አልኳቸው።

«ለማን?»

ሞተሩን አስነሥቼ ማርሽ ሳላስገባ ቆየሁ። እሳቸው ማስካቸውን ዝቅ አደረጉና፣ ጨዉን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ ተነፈሱበት።