የቶፋዛል በርጩማ

ቶፋዛልን በቻንድፑር ወደብ ሰፈር የማያውቀው አልነበረም፤ በስሙ የሚጠራው ግን አንድም ሰው የለም። «ጋሪ!» ነው የሚሉት። «አንተ ጋሪ፣ ና ይሄን አሳ ጫን!» «አንተ ጋሪ፣ ዞር በል፣ መንገድ ዘጋህ!» ባለ ሦስት ጎማውን ጋሪ እንደ ብስክሌት በእግሩ እየረገጠ አሳና በረዶ፣ ሲሚንቶና ሙሽራ ሲያመላልስ ጎልማሳ ሆነ። ያን ሁሉ ዘመን «እስቲ አረፍ በል» ያለው ሰው የለም። ተንቆ የኖረ ሰው ምን እንደሚርበው የሚያውቀው የተናቀ ብቻ ነው።

ጉዱ የጀመረው ጎፉር ሻይ ቤት ነው። ጎፉር ሽማግሌ ነው፤ ትልቅ ቴሌቪዥን ስላለው ክሪኬት፣ ያ ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ፣ በተደረገ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ እሱ ዘንድ ይጎርፋል። አንድ ቀን ቶፋዛል በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሻዩን ሲጠጣ፣ የእኛ አገር ቡድን መቺዎች ኳሷን እያነሱ ይለጓታል። ሽንቱን ሊሸና ብድግ ሲል አንዱ መቺ ተቃጥሎ ወጣ። ተመልሶ ሲቀመጥ ነገሩ ረጋ። ዝርዝር ሊፈልግ እንደገና ሲነሳ ሌላው ወጣ።

«አንተ ሰውዬ!» ብሎ ጮኸ አሳ ነጋዴው ባቹ። «ቂጥህን ከዚያች በርጩማ ብታላቅቅ እግርህን እሰብረዋለሁ!»

ሁሉም ሳቁ፤ ቀልዱ ግን ቀልድ ሆኖ አልቀረም። እኛ ሰዎች ደግሞ እንደዚሁ ነን፤ ጨዋታ ሲሰምር የተቀመጠ አይነሳም፣ የቆመ አይቀመጥም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቶፋዛል «ወንድማችን ቶፋዛል» ሆነ። ጎፉር ራሱ ወተቱን አብዝቶ ሻይ ያቀርብለት ጀመር። ማታ ለሚስቱ ለጆሪና ሲያወራላት፣ «እንግዲህ የበርጩማ ንጉሥ ሆንክልኝ!» ብላ ሳቀችበት። ደስ ግን ብሏት ነበር።

የእስያ አገሮች የአንድ ቀን ክሪኬት ዋንጫ ፍጻሜ ዋና ከተማችን ዳካ ላይ ሲደረግ፣ ጆሪና ከስንት ዓመት ጥበቃ በኋላ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯም ገና አልገባም። ጠዋት ወገቧን ይዛ፣ «ዛሬ ደስ አላለኝም፤ ሩቅ አትሂድ» አለችው።

«የት እሄዳለሁ? ጎፉር ቤት ነኝ። ደውይልኝ፣ በርሬ ነው የምመጣው» አላት።

ደወለች። የእኛዎቹ ስሪላንካ ያስቆጠረችውን ነጥብ ለማለፍ እያሳደዱ፣ የቀሩን ሁለት ደህና መቺዎች ሜዳ ላይ ተጣብቀው፣ ሻይ ቤቱ ትንፋሹን በያዘበት ሰዓት ነው የደወለችው።

«ደም እየፈሰሰኝ ነው። ጋሪውን ይዘህ ና።»

ብድግ ሊል ሲል ባቹ ትከሻውን ተጫነው።

«ወዴት ነው?»

«ሚስቴን አሟታል፤ ሆስፒታል ልውሰዳት።»

«ሴት መቼ ሳያማት ወልዳ ታውቃለች? ተው እንጂ ወንድሜ! አስር ደቂቃ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን አታስወጣብን።»

«አጎቴ ጎፉር፣ እባክህ አንተ ንገረው።»

ጎፉር ብርጭቆ እየጠረገ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሳም። «አስር ደቂቃ ምንም አይደለም ልጄ። ተቀመጥ።»

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ይዘው አላስቀሩትም። የበረዶ ጭነት የለመደ ትከሻ የባቹን እጅ መጣል አያቅተውም ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው በልመና ዓይን ሲያየው፣ በዕድሜው እንዲህ ተፈልጎ አያውቅማ! ደግሞም አምኖበታል፤ ቢነሳ አገር የሚያፈርስ መሰለው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ተቀመጠ።

እንደገና ሲደወል «መጣሁ፣ በቃ መጣሁ» አላት። ቀጥሎ ሲደወል ድምፁ የጆሪና አልነበረም።

«መናገር አቅቷታል» አለች ጎረቤታቸው ሼፋሊ። «አንተ ሰው ነህ?»

ያኔ እንኳ የተነሳው የመጨረሻዋ ኳስ የሜዳውን ዳር ገመድ ተሻግራ፣ ድሉ የእኛ ሆኖ፣ ሻይ ቤቱ በጩኸት ከተናጋ በኋላ ነው።

ቤት ደርሶ ጆሪናን ከሼፋሊ ጋር ተሸክመው በብርድ ልብስ ጠቅልለው ጋሪው ላይ አስተኟት። ፊቷ አመድ መስሏል። «ቆየህብኝ» አለችው፤ ሌላ ቃል አልወጣትም።

ሆስፒታሉ ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ግን የት አለና! ከተማው እንዳለ ወጥቷል፤ ከበሮ፣ ጥሩምባ፣ ባንዲራ፣ ቀለም። «ኧረ በአላህ አሳልፉኝ፣ ሚስቴ ናት!» ቢል ማን ይስማው? አንዱ መልኩን ለየው። «ቶፋዛል ነው! ባለ በርጩማው!» ከጋሪው ላይ ነጥቀው ትከሻቸው ላይ አወጡት። «ቶፋዛል! ቶፋዛል!» እያሉ ያዘልሉታል። እሱ እጁን ወደ ጋሪው ዘርግቶ ይንሰቀሰቃል፤ እነሱ የደስታ እንባ መስሏቸው ፊቱን አረንጓዴ ቀቡት። ነገሩ የገባቸው ሼፋሊ ጫማዋን አውልቃ ያገኘችውን ሁሉ መደብደብ ስትጀምር ነው። መንገዱ ተከፈተ። ጆሪና ግን ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ነፍሷ ወጥታ ነበር፤ ልጁም ከእሷ ጋር ቀረ።

ለቀብሩ ሰፈሩ ሁሉ መጣ። ከሁሉ በላይ የጮኸው ባቹ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ከዚያ በኋላ ያችን በርጩማ ዞር ብሎ አያያትም ብለን ነበር። እሱ ግን ጨዋታ በተደረገ ቁጥር መጥቶ ይቀመጣል። ሻይ አይጠጣ፣ አያጨበጭብ፣ ቴሌቪዥኑን እንኳ አያይ። «ምን ዓይነት ልብ ነው!» ብለው ያሙት ነበሩ። አልገባቸውም። የእሱ መቀመጥ ቡድኑን የሚያሸንፍ ከሆነ፣ ጆሪና የሞተችው ለአንድ ነገር ነው። ካልሆነስ? ያን ማሰብ አይችልም፤ ስለዚህ ይቀመጣል።

የዋንጫው ውድድር ተራውን ጠብቆ ተመልሶ መጣ፤ የእኛዎቹም ለፍጻሜ ደረሱ። ቶፋዛል ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጋሪውን ሲያቆም አንድ የጀልባ ሠራተኛ እየሮጠ መጥቶ ያዘው። «ወንድሜ፣ ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፤ ድረስልኝ!»

«ቶሎ ግባ እንጂ፣ ሊጀመር ነው!» አለ ባቹ ከውስጥ።

ቶፋዛል በርጩማዋን አያት። ጋሪውን አዞረ።

ሴትየዋን ሆስፒታል አደረሳት፤ ምጡ ጠናባት፣ እሱም ከባልየው ጋር ግቢው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀ። አመሻሹ ላይ በሰላም ተገላገለች። ወዲያው ከአጥሩ ውጭ ጩኸቱ ፈነዳ፤ ከበሮ፣ ጥሩምባ። «አሸነፍን!» አለ የጀልባ ሠራተኛው አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ። «በአንድ ቀን ሁለት ደስታ!» ቶፋዛል ክንዱን ቀስ ብሎ አላቀቀና ወጣ።

ሻይ ቤቱ ሲደርስ ሰው ይጨፍራል። በርጩማዋ በሩ አጠገብ ባዶዋን ናት።

«አየህ፣ ያለ አንተም ሆነ!» አለ ባቹ እየሳቀ። ያለው ነገር ለራሱ ሲሰማው ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ቶፋዛል ወደ ጎፉር ዞረ። «አጎቴ፣ ታዲያ እኔ ያን ቀን ምን አደርግ ብዬ ነው የተቀመጥኩት?»

ጎፉር የደረቀውን ብርጭቆ ደጋግሞ ይጠርጋል።