አልጋ ላይ የተኛው የአውቶቡስ ረዳት

ነርሷ እንዲህ ያለ ወሬኛ ታካሚ ገጥሟት አያውቅም። የአውቶቡስ ረዳት ነው፤ ድምፁ በጩኸት ብዛት ጎርንኗል፣ በር ላይ የሚንጠለጠልበት ቀኝ ክንዱ ከግራው ይልቅ በፀሐይ ጠቁሯል። ልጅ ላዘለች ሁሉ የፊት ወንበር እንደሚያስለቅቅ ሳትጠይቀው አውርቶላታል። በዘር ፈሳሹ ውስጥ የወንድ ዘር ስላልተገኘ፣ ሐኪሙ የዘር ፍሬውን ከፍቶ እዚያው ጓዳው ውስጥ ሊፈልግለት ነው። ከዚያም ከታጣ ልጅ የመውለድ ተስፋው አበቃ። ከወገቡ በታች ደንዝዟል፤ አፉን ግን ማደንዘዣ አልቻለውም።

"ዶክተር፣ ቀስ! የስንት ዓመት ጸሎት ነው የያዝከው።"

"ወንድሜ፣ ካሳቅከኝ እጄ ይንቀጠቀጣል።"

ይኸኔ ሐኪሙ ቆንጥሮ ያወጣውን ናሙና በጎን ክፍል ስትመረምር የቆየችው የላቦራቶሪ ባለሙያ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ነቅላ በመካከል ባለው መስኮት ብቅ አለች።

"አገኘሁ! ጥቂት ናቸው፣ ግን ይንቀሳቀሳሉ።"

የረዳቱ እንባ በጉንጩ ወረደ። ነርሷ እንባውን ጠረገችለት።

"ሌላ ቀን አውቶቡሱ ሳይሞላ አንነሳም፤ ዛሬስ በአንድ ሰውም እንሄዳለን፣ እኅቴ" አላት ባለሙያዋን። ከዚያ ኮሪደር ላይ ለምትጠብቀው ሚስቱ ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፤ "አንቺ! ተገኘ!"

ከበሩ ማዶ ሳቅ ያነቀው የሴት ድምፅ መለሰ፤ "ሰማሁ! ፎቁ ሁሉ ሰምቶሃል፤ አሁን አርፈህ ተኛ!"