ጠፍና ጤፍ

ደርግ ከወረደ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ የነበረው መሥሪያ ቤታችን ትልቅ ቁም ነገር ያዘ፤ ከተማው ስንት የእርሻ መሬት እንደበላ ከሳተላይት ፎቶ ማጥናት። እኔ ገርጂ፣ ጤፍ መሃል ነው ያደግሁት። በሚኒባስ ሄዶ የሚታየውን ነገር ለማየት ሰማይ መውጣት ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ሰው ላም በሰማይ ሲመኝ፣ እኛ ቀያሽ በሰማይ አገኘን።

በክረምት ደመና ስለሚጋርድ ፎቶው የተነሣው በየካቲት ነው። በየካቲት ደግሞ ጤፉ ታጭዶና ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ኮምፒውተሩም አረንጓዴ ያጣበትን ሁሉ ቡናማ ቀብቶ አረፈው። አለቃዬ በታተመው ካርታ ላይ ከቡናማው ጎን «ጠፍ መሬት» ብለው አጻፉ። ማንም የማያርሰው ባድማ ማለታቸው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጤፍ ነው» አልኳቸው።

«ታዲያ ምን አልኩ? ጠፍ!»

«በሃምሱ 'ጤ' ነው እንጂ!»

«ሳተላይት አይዋሽም» አሉኝ። በየዓመቱ ማኛ ጤፍ በእኔ በኩል የሚያስመጡት ከዚያው ቡናማ መሬት፣ ከአጎቴ ማሳ ነበር።

ጠፍ የተባለው መሬት ለቤት ሠሪዎች ሊመራ ነው ሲባል አጎቴ ቢሮ ድረስ መጡ። ካርታውን ጎንበስ ብለው አዩና በጆሮዬ «ልጄ፣ ቀለሙን የምትቀቡት እናንተው አይደላችሁ? የእኔን አረንጓዴ አድርግልኝ» አሉኝ። ኮምፒውተሩ ነው የሚቀባው አልኳቸው። «እሱንስ ለምንልኝ» አሉ። እንባዬ መጣ።

እሳቸውን ሸኝቼ ስመለስ እስክሪብቶ አነሣሁና «ጠፍ» የሚለው 'ጠ' እግር ላይ አንዲት ቀለበት ጨመርኩ። ጤፍ ሆነ። አለቃዬ ሰነድ አበላሸህ ብለው ጮኹብኝ፤ ንጹሕ ቅጂም አሳተሙ። ቀለበት ስለሌለው ንጹሕ ነው።

በዓመቱ የአጎቴ ማሳ ላይ ድንጋይና አሸዋ ተራገፈ። ጥናታችንም በድል ተጠናቀቀ፤ በገርጂ በኩል ከተማው የወሰደው የእርሻ መሬት የለም፣ የወሰደው ጠፍ ብቻ ነው ይላል።

የመኸር ወራት አለፈ። አንድ ቀን አለቃዬ ጠሩኝና፣ «የአጎትህ ማኛ ዘንድሮ ምነው ዘገየ?» አሉኝ።

«ጠፍ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው። ቀለበቷን አልጨመርኩም።