ለጎልፍ ብለን ምጽዋ የወረድን ጊዜ

አባቴ ጎልፍ የተማረው ውጭ አገር ነው። በንጉሡ ዘመን የአውሮፕላን ጥገና እንዲማር የተላከባት ትንሽ ከተማ ባሕር ጠርዝ ላይ ነበረች። እሑድ እሑድ አስተማሪው ይዞት ይወጣና በአሸዋ ጉብታዎች መካከል፣ በግ የጋጠው በሚመስል አጭር ሣር ላይ ኳስ ሲመቱ ይውላሉ። ስለዚያ ሜዳ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሣው ነፋሱን ነበር። ኳሷን ወደ ባሕሩ አቅጣጫ ካልመቷት ቀዳዳው ጋ አትደርስም፣ ነፋሱ ራሱ ነው የሚመልሳት ይለን ነበር። ቀጥሎ ያረፈበት ቤት ይመጣል። የቤቱ ባለቤት፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ጠዋት ጠዋት በጢስ የደረቀ ዓሣ በወተት ቀቅላ ታቀርብለታለች። እናቴ ዓሣ በወተት የሚለውን በሰማች ቁጥር ፊቷን ታጨማድዳለች፤ እኔና ወንድሜ እንስቃለን።

ደርግ ከመጣ በኋላ አባቴ መጫወቱን ተወው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ አንዱ ተነሥቶ የአድኃሪ ጨዋታ ነው ብሎ ስለተናገረበት የጎልፍ ዱላዎቹን በሸራ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ጀርባ አቆማቸው። ቤታችን ቦሌ፣ ዛሬ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ነው። አባቴ ኤርፖርት ይሠራል፤ እናቴ ከግቢው አጥር ጋር በተሠራች ሱቅ ስኳርና ሳሙና ትሸጣለች። እኔ ታላቋ ሥራ ከያዝኩ ብዙ አልቆየሁም፤ ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ይጠብቅ ነበር።

ወንድሜን ከጓደኞቹ ጋር ገርጂ ሜዳ ላይ ኳስ ተጫውቶ ሲመለስ መንገድ ላይ ለውትድርና አፈሱት። ገርጂ ያኔ እርሻ ነው። እናቴ ምሳውን ይዛ ቀበሌ ብትሮጥ የእናት አገር ጥሪ ነው፣ ሊኮሩ ይገባል ብለው መለሷት። ከማሠልጠኛ ከወጣ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ብዙ ወራት አልፈው አንድ እግሩን ያጣ የሰፈራችን ልጅ ከግንባር ተመለሰና ወንድሜን ምጽዋ እንዳየው፣ የትኛው የጦር ክፍል ውስጥ እንዳለም ነገረን። ከዚያ ወዲያ ግን ምንም አላውቅም አለ። እናቴ እግሩ ሥር ተቀምጣ ከስቷል ወይ፣ ጫማ አለው ወይ እያለች ትጠይቀው ነበር።

አባቴ ሥራ ቦታው ወደ ሰሜን ከሚመላለሱ ሰዎች አንድ ወሬ ሰማ። ምጽዋ ውስጥ ጎልፍ የሚወድ፣ አብሮት የሚጫወት ሰው ያጣ አንድ ሻለቃ አለ። ልጄን ልፈልግ ብሎ የይለፍ ወረቀት የሚያገኝ ሰው ስላልነበረ፣ አባቴ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ወረቀት ሰጪዎቹን ለዕረፍት ባሕር ዳርቻ ልሄድ ነው አላቸው። ዱላዎቹን ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አውጥቶ ዝገታቸውን በናፍጣ ጠረገ። እናቴ ብቻውን አይሄድም ስላለች እኔም ፈቃድ ወሰድኩ።

እስከ አሥመራ በአውሮፕላን ሄድን፤ ከዚያ አውቶቡሱ ጉም ውስጥ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ወረደ። ኬላ ላይ አንድ ወታደር ሸራውን ፈትቶ ዱላዎቹን ሲያይ ምን እንደሆኑ ጠየቀ። አባቴ መጫወቻ ናቸው አለው። ልጁ በወንድሜ ዕድሜ ነው። አንዱን አወጣና መሬት ላይ ያለ ጠጠር መታበት፤ ጓደኞቹ ሳቁ፤ እሱም ሳቀና መለሰልን። አባቴ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ዞሮ ልጁን ያየው ነበር።

ምጽዋ ያረፍነው በድሮ የድንጋይ ቤት ነው። ሙቀቱ ክፍል ውስጥ ስለማያስቀምጥ እንግዳ ሁሉ ጣሪያው ላይ በተደረደረ የገመድ አልጋ ይተኛል። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው፤ አማርኛቸው ጥቂት ነው። ዓሣውን ለሁለት ሰንጥቀው በርበሬ ይቀቡና መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ይጋግሩታል፤ በስስ ቂጣ ይበላል። እንደዚያ የሚጣፍጥ ዓሣ ከዚያም ወዲህ በልቼ አላውቅም። አባቴ ግን ቂጣውን ብቻ ቆረሰ።

አባቴ ጎልፍ የሚጫወት ሰው መምጣቱን ለሻለቃው አስነገረ፤ እሱም በላከበት መሠረት እሑድ ጠዋት ጎልፍ ሜዳው ላይ ተገናኙ። ሜዳ ይባል እንጂ ሣር የሚባል የለበትም። ጨው ያጠነከረው አሸዋ ነው፤ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ብቻ አሸዋው እንዲረጋ የተቃጠለ ዘይት ፈሶበት ጠቁሯል። ጫፉ ላይ ምሽግ ተቆፍሮ ወታደሮች ካናቴራቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል። ሻለቃው ደስ የሚል፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የተማረበትን አገር እያነሣ ይጫወታል፤ አባቴም ስለዚያ ስለ ነፋሱ ነገረው። እኔ ከኋላቸው እየሄድኩ አባቴ ምቱን ሆን ብሎ ሲያበላሽ አየሁ። በሕይወቴ ሲጫወት ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም እየተሸነፈ።

ሲጨርሱ ሻለቃው ምሳ ጋበዘን። ዓሣው ቀርቦ ሁለት ጉርሻ እንኳ ሳይጎርስ አባቴ ጀመረ።

"ጓድ ሻለቃ፣ ወንድ ልጅ አለኝ። እዚህ ነበር ይሉኛል።"

የክፍሉን ስም ተናገረ። ሻለቃው ቂጣውን አስቀመጠ። የልጁን ዕድሜ ጠየቀ፤ አባቴ ነገረው።

"ከዚያ ክፍል ከሆነ አይጠብቁት" አለ።

"ሞቷል ማለትዎ ነው?"

"አላልኩም። ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተማረከ የሚያውቅ የለም። የተመለሰ ሰው ግን አላየሁም።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ይህን ከእኔ አልሰሙም።"

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ሻለቃው ሊነሣ ሲል ቆም አለና፣ "የመጡት ለዚህ ነው አይደል?" ብሎ ጠየቀው።

"ለዚህ ነው።"

"ገብቶኝ ነበር። እንደ እርስዎ የሚመታ ሰው እንዲህ አይሸነፍም።"

ቆቡን አድርጎ ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየነውም።

ማምሻውን አባቴ ዱላዎቹን ይዞ ወደ ባሕሩ ወረደ። ተከተልኩት። የነበሩትን ኳሶች አንድ በአንድ አስቀምጦ ወደ ውኃው መታቸው። እንደዚያ የሚመታ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ የት እንደወደቁ እንኳ አይታይም። ኳሶቹ ሲያልቁ አሸዋው ላይ ተቀመጠና ለእናትሽ ምን እንበላት አለኝ። የተባልነውን እንንገራት አልኩት።

"የተባልነው ምንድን ነው? ሞተ አላሉን፤ አለ አላሉን። ይሄ ወስደው የሚነግሩት ነገር ነው?"

ዱላዎቹን ሰብስቤ ተሸከምኩ።

ቤታችን ስንገባ እናቴ ሱቋን ዘግታ በር ላይ ቆማ ነበር። አባቴ፣ ወደ ውስጥ አገር አዛውረውታል፣ ደህና ነው፣ አንድ ሻለቃ ሊከታተልልን ቃል ገብቷል አላት። ሻለቃው ሰው ይመስላል ወይ አለችው። ይመስላል አላት። እግዚአብሔር ይስጠው ብላ ምግብ ልታሞቅ ገባች። እኔን ምንም አልጠየቀችኝም።

ከዚያ ምጽዋ ተያዘች፤ በኋላም ደርግ ራሱ ወደቀ። የተበተነው ወታደር ጫማው አልቆ፣ እግሩ አብጦ ቦሌ መንገድ ላይ ሲለምን ሰነበተ። እናቴ ሱቋ ደጃፍ ለሚቆሙት ሁሉ ዳቦ እየሰጠች ከየት እንደመጡ ትጠይቃለች። የወንድሜን ክፍል ግን ለአንዳቸውም ስትጠራ አልሰማኋትም። ምርኮኞች የተመለሱባቸው ቤቶች ድንኳን ጥለው ደገሱ፤ መርዶ የደረሳቸውም ድንኳን ጥለው አለቀሱ። እኛ ሁለቱንም አላደረግንም። የዕድሩ ሰዎች ቁርጡን አውጥተን ለቅሶ እንቀመጥ ብለው ሲመጡ አባቴ ሳያስገባቸው መለሳቸው።

ጡረታ ከወጣ በኋላ አባቴ አልቆየም። ጉበቱ ነው አሉን። የቀብሩ ዕለት ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተጣለ፤ ለቀስተኛው ሞላ። እናቴ መሀል ቆመች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ደረቷን መምታት ጀመረች። የምትጠራው ግን የአባቴን ስም አልነበረም። የወንድሜን ስም እየጠራች፣ ልጄ፣ አሸዋ የበላህ፣ አልቃሽ ያጣህ እያለች ታለቅስ ነበር። ሴቶቹ አፈሩና ሊያስተካክሏት ሞከሩ፤ የባለቤትሽ ለቅሶ ነው እኮ አሏት። አልሰማቻቸውም። እስኪመሽ ድረስ ያለቀሰችው ለወንድሜ ነው።